ኮፈኗ ያልተከፈተ መኪና

መስፍንና እኔ መጨረሻ ላይ አብረን ያደረግነው ነገር አንድ መኪና መስማት ነበር። እሑድ ነው፤ ከምሳ በኋላ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን እሱ የተማሪዎቹን ፈተና ያርማል፣ እኔ ምስር እለቅማለሁ። ከካራማራ ተራራ በኩል አንድ መኪና ሲወርድ ተሰማ። መስፍን ቀይ እስክሪብቶውን ወደ ላይ አነሣና «ስምንት ሲሊንደር» አለ።

«አራት ናት» አልኩት። «ናፍታ። የሞተሯ ቺንጋም ላልቷል፤ ትጮኻለች።»

ከአጥሩ ጥግ ብቅ ስትል ፍየል የጫነች አንዲት አሮጌ ፒካፕ ናት።

«ፍየሎቹን ስትደምሪ ስምንት ይሞላል» አለኝና ወደ እርማቱ ተመለሰ።

መስፍን ለሁሉም መኪና ስምንት ሲሊንደር ይል ነበር። አንድ ጊዜማ ለባጃጅም ብሏል። የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ከደጋ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ጅጅጋ የቀረ። ጨዋታውን በተጋባን በመጀመሪያው ሳምንት ጀመርነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላሸነፈም፤ መልሱንም አልቀየረም። በማግሥቱ፣ ሰኞ፣ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር ልቡ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን የዕድሩን ድንኳን ሊወስድ የመጣው የጭነት መኪና ግቢያችን ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። የተቃጠለ ናፍታና የግራሶ ሽታ በመስኮት ገባ። አብረውኝ የተቀመጡት ሴቶች መስኮቱን ሊዘጉ ሲነሡ «ተዉት» አልኩ። ሞተሩን አዳምጬም «አንዱ ሲሊንደር አያቃጥልም» አልኩ። ለቅሶው ከተጀመረ ወዲህ ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ነገር እሱ ነበር አሉኝ በኋላ። ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም። አእምሮዋን ሳተች ያሉም አይጠፉም።

ያ ሽታ ወደ አንድ ጂላል መለሰኝ። ጂላል ሱማሌዎች ረጅሙን የበጋ ወቅት የሚጠሩበት ስም ነው። በጅጅጋ ያን ጊዜ ነፋሱ አያርፍም፤ አቧራው ከዳቦ ጋር ይበላል፤ ውኃ በቦቴ ይመጣል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ብዙ አልቆየም፤ ትልልቆቹ ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያወሩበት ጊዜ ነው። በእኛ ቤት ግን ለዝቅታው ሌላ ምክንያት ነበረ። እናቴ ከጓዳ እስከ በር ስትመጣ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ይዛ መቆም ጀምራ ነበር። እኔ ስገባ አባቴና ጎረቤቶቹ ዝም ይላሉ። መድኃኒቱ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ነው የሚቀመጠው። ትልቁ የራጅ ፖስታ ከቁም ሣጥኑ በላይ በአንሶላ ተሸፍኗል። ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔም ከዚያ የራሴን ሕግ አወጣሁ፦ የታመመ ነገር ይሸፈናል፤ የተሸፈነ ነገር ሁሉ የታመመ ነው።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አባቴ እናቴን ወደ አዲስ አበባ ይዟት ሄደ። «አክስትሽን ልትጠይቅ ነው» አለኝ። አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። ዞር ብላ አላየችኝም። ካየችኝ መሄድ እንደማይሆንላት አውቃ ይሆናል፤ ያኔ ግን የረሳችኝ መሰለኝ።

እኔን ጎረቤታችን አዴር ዩሱፍ ጋ ተዉኝ። መካኒክ ናቸው። አዴር በሱማሌኛ አጎት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። እሳቸውም መልሰው እኔን «አዴር» ይሉኛል። በእነሱ ወግ ትልቁ ትንሹን በራሱ መጠሪያ ይጠራዋል። ይህን ስላላወቅሁ መጀመሪያ ሲጠሩኝ ኋላዬ ሽማግሌ የቆመ መስሎኝ ዞርኩ።

ባለቤታቸው ኤዶ ሐሊማ፣ ኤዶ አክስት ማለት ነው፣ በማግሥቱ ከገበያ አንዲት ትንሽ አዲስ ድስት ገዝተው መጡ። «ይቺ ያንቺ ናት። የእኛ ሥጋ አይነካትም። እናትሽ ስትመጣ እንዳፍር አልፈልግም» አሉኝ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እናቴ ቶሎ እንድትመጣ ብዬ ወተት አልጠጣም አልኩ። አዴር ዩሱፍ አልተከራከሩኝም። ከሰዓት በኋላ ግራሶ የጠገበ ቱታቸውን እንደለበሱ ወጥተው ሄዱ። ሲመለሱ «ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቄሱን ጠይቄያለሁ። ለልጅ ወተት አይከለከልም ብለዋል። ጠጪ አዴር» አሉኝ። በዚያ ቱታ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ቄስ ሲያስጠሩ ዛሬም ይታየኛል፤ አብሬያቸው ባልሄድም።

ጋራዡ ወደ ካራማራ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሦስት የቆርቆሮ ግድግዳና አንድ ትልቅ የቆርቆሮ በር አለው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ቡሎን ማጠብ ነበር። በወተት ጣሳ ናፍታ ይሰጡኛል፤ አጥቤ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ እለያለሁ። ነፋሱ ያጠብኩትን መልሶ አቧራ ያለብሰዋል፤ እኔም መልሼ አጥባለሁ። ሽታው ከእጄ አይለቅም። ኤዶ ሐሊማ በሳሙናና በአመድ ያሹኝ ነበር። እንዲለቅ አልፈለግሁም ነበር። እናቴ ከሄደች ወዲህ ከእኔ ጋር የሚተኛ እሱ ብቻ ነበር።

የታመመ ሞተር ሲመጣላቸው አዴር ዩሱፍ ቶሎ አይፈቱትም። የእንጨት እጀታ ያለውን ረጅም ካቻቢቴ ያወጡና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚያን ጊዜ ጋራዡ ውስጥ የሚያወራ የለም። ባለ መኪናው እንኳ ልክ ሐኪም ፊት እንደቆመ አባት ከንፈሩን እየነከሰ ይጠብቃል።

አንድ ቀን የውኃ ቦቴው እየተንቀጠቀጠ መጣና ጠሩኝ። «ነይ አዴር፣ ስሚ። እነዚህ ቀጫጭን ቱቦዎች ናፍታውን ወደየሲሊንደሩ የሚወስዱ ናቸው። አንድ በአንድ አላላቸዋለሁ። የጤነኛውን ሳላላ ሞተሩ ይደነግጣል። የማይሠራውን ሳላላ ግን ምንም አይለውም። እንዲያ ነው የሚታወቀው።»

እጀታውን ጆሮዬ ላይ ያዙልኝ። ውጭ ያለው ድምፅ ሁሉ ጠፍቶ የብረቱ ብቻ ቀረ። የመጀመሪያውን አላሉ፤ ሞተሩ ተደናቀፈ። መልሰው አጠበቁት። ሁለተኛውን አላሉ፤ እንደገና ተደናቀፈ። ሦስተኛውን ሲያላሉ እንደነበረ ቀጠለ።

«እሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሾፌሩ ሳቀ። አዴር ዩሱፍ ግን አልሳቁም። «እሱ ነው» ብለው ሥራቸውን ጀመሩ።

በዚያን ቀን ቡሎን እያጠብኩ ሳስብ ዋልኩ። እናቴ ስትሄድ ቤታችን ደንግጧል። አባቴ የሸሚዙን ቁልፍ አዛብቶ ቆልፎ ነው የወጣው፤ እኔም ጎረቤት ነኝ። እንግዲያውስ እናቴ የማይሠራው አይደለችም ማለት ነው። ይህ ሐሳብ እስከ መኝታዬ አጽናናኝ።

ከሐርጌሳ ዕቃ የሚያመላልስ ዴሬ የሚባል ሾፌር ነበር። ዴሬ ስሙ አይደለም፤ ረጅም ማለት ነው፤ ከሰው ሁሉ በክንድ ይበልጣል። አንድ ቀን ጋራዡ ደጅ የሻይ ብርጭቆ ካርቶን ሲፈታ ብርጭቆዎቹ የተጠቀለሉበት ወረቀት ላይ ዓይኑ ወደቀ። ከዓረብኛ የመኪና መጽሔት የተቀደደ ገጽ ነው። ፎቶው ላይ መሬት ልትልስ የደረሰች ዝቅተኛ መኪና አለች፤ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልላለች። መብራቶቿ ብቻ ይታያሉ።

የቁርኣን አስተማሪው ማዓሊም ተጠርተው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። መኪናዋ ገና አልወጣችም፤ በሚቀጥለው ዓመት ነው የምትወጣው። በፍጥነት የሚደርስባት አይኖርም ተብሏል። ፎቶ የተነሣችው ስትሞከር ነው። ኮፈኗን ለማንም አልከፈቱም፤ ምን ሞተር እንዳላትም ሠሪዎቹ አልተናገሩም። «ሆኖም አንዳንድ አዋቂዎች እንደሚገምቱት...» ብለው ማዓሊም አቆሙ።

«እንደሚገምቱት ምን?» አለ ዴሬ።

«የቀረው ሌላ ብርጭቆ ላይ ነው።»

ሦስት ካርቶን ብርጭቆ ፈቱ። ገጹ አልተገኘም።

ጂላሉን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረም። ግምት ያለው ሰው በቆርቆሮው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በጠመኔ ያስጽፋል፤ የተሸነፈ ለሁሉም በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ይጋብዛል ተባለ። ጽሕፈቴ ስለሚያምር ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ። ዴሬ አሥራ ሁለት ሲሊንደር አለ። የቦቴው ሾፌር ስምንት አለ። ጎማ ጠጋኙ ሁለት ሞተር ነው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ አለ። ማዓሊም «እኔ አነባለሁ እንጂ አልገምትም» ብለው ነበር፤ በአራተኛው ቀን ግን መጥተው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉና «አሥር ብለሽ ጻፊልኝ» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት የት ሊገባ ነው?» ይላል ጎማ ጠጋኙ። «አፍንጫዋን እየው፤ የጥንቸል ነው!»

«ጎን ለጎን ይተኛሉዋ» ይላል ዴሬ። «ስድስት በዚህ፣ ስድስት በዚያ።»

«እንደ ልጆችህ?»

«ልጆቼ ሰባት ናቸው። አንተ ከጎማ በላይ ቆጥረህ ስለማታውቅ አራት ላይ ታቆማለህ።»

«የኋላ ጎማዋን ስፋት ተመልከት ነው የምልህ! ክብደቱ ያለው ከኋላ ነው።»

አዴር ዩሱፍ ብቻ ምንም አላስጻፉም። ዴሬ ሁልጊዜ ይጎተጉታቸዋል። «ዕድሜህን ሙሉ ሞተር ውስጥ ነው የኖርከው፤ አንድ ቁጥር ጣል አድርግልን!»

«ያልሰማሁትን ሞተር አልናገርም» ይላሉ፤ ሌላ መልስ የላቸውም።

እኔ በዚህ ሁሉ መካከል ቡሎኔን አጥባለሁ። ሰዎቹ ስለዚያች መኪና ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራ ነበር። እኔን ግን ፎቶዋ ያስፈራኝ ነበር። ጨርቁ አፍንጫዋ ድረስ የተጠቀለለበት ሁኔታ እናቴ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ የተከናነበችበትን ይመስላል።

አንድ ቀን ዴሬ ወደ እኔ ዞረ። «ጸሐፊዋስ? የሰውን ሁሉ ትጽፊያለሽ፤ አንቺ ምን አለ ትያለሽ?»

«ታሟል» አልኩ።

«ማን?»

«ሞተሩ። ታሞ ነው የሸፈኑት።»

ጋራዡ በሳቅ ተናወጠ። ጎማ ጠጋኙ መቆም አቅቶት ጎማ ላይ ተቀመጠ። ዴሬ እንባውን እየጠረገ «ወላሂ ይቺ ነገር ትጻፍ! ይጻፍላት!» አለ። በሩ ላይ ቦታ ስላልነበረ በርሜል ላይ አቆሙኝና ከሁሉ በላይ፣ ጫፉ ላይ ጻፍኩት፦ ታሟል። አብሬያቸው ልስቅ ሞክሬ ነበር፤ ከንፈሬ እምቢ አለኝ።

ሰዎቹ ሲሄዱ አዴር ዩሱፍ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው አንድ ቡሎን ከጣሳው አወጡና በጨርቅ ያደርቁት ጀመር።

«አዴር፣ ሰው ስለሚኮራበትም ነገሩን ይሸፍናል። እነዚያ ሰዎች እንዳይሰረቅባቸው ነው።»

«እናቴንስ?»

ቡሎኑን ደረቅ ከሆነም በኋላ ብዙ ጊዜ ወለወሉት።

«የእናትሽን እኔ አላውቅም። ስትመጣ ራሷን ጠይቂያት» አሉ።

እኔ ግን ስለ መጠየቅ የማውቀው ነገር ነበር። ሰው ሲጠየቅ አክስት ልትጠይቅ ነው ይላል። ሞተር ግን አይዋሽም።

ፋሲካ አምስት ቀን ሲቀረው የአዲስ አበባው አውቶቡስ ከካራማራ ሲወርድ ከጋራዡ ሆኜ በድምፁ ለየሁት። ማርሽ ሲቀንስ የሚያጓራው እሱ ብቻ ነበር። ስሮጥ ደረስኩ። መጀመሪያ አባቴ ወረደ፤ ከዚያ እጇን ይዞ እናቴን አወረዳት። ፊቷ ትንሽ ሆኗል። አቅፋ ሳመችኝና «ምንድን ነው የምትሸቺው?» አለችኝ። አባቴ «አክስትሽ ሰላም ብላሻለች» አለ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አባቴ ወደ ቢሮው ሲሄድ ካቻቢቴውን ከጋራዡ ሳላስፈቅድ አመጣሁ። እናቴ አልጋዋ ላይ ተኝታለች። እንዳይቀዘቅዛት ጫፉን በነጠላዋ ጥለት ጠቀለልኩና ደረቷ ላይ አሳረፍኩት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ካቻቢቴ።»

«ልትፈቺኝ ነው?»

«ልሰማሽ ነው።»

ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ ካቻቢቴውን በራሷ እጅ ትንሽ ወደ ግራ አዛወረችው። «እዚህ ጋ ነው» አለች።

ጆሮዬን እጀታው ላይ አስጠግቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ይመታል፣ ይመታል፣ ይመታል። ከዚያ ባዶ። ከዚያ የቀረውን ለመድረስ እንደሚሮጥ ሰው ይቸኩላል። ደግሞ ባዶ።

«ምን ይላል?»

«ደህና ነው።»

«አዴር ዩሱፍ እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩሽ?»

ነጠላውን ናፍታ ነክቶታል፤ እሱን አየሁ።

«አንዱ ይዘላል» አልኩ።

«አዎ፣ ይዘላል» አለች እናቴ። «ሐኪሞቹም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ሊያስተካክሉት አልቻሉም።»

«አዴር ዩሱፍስ?»

«እሳቸውም አይችሉም፣ የኔ እናት።»

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ቢሆንም ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ብቻዬን ነበርኩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሁለት ሆንን። አዴር ዩሱፍ ካቻቢቴው መጥፋቱን አይተው አልጠየቁኝም፤ ሌላ ካቻቢቴ ይዘው ይሠሩ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ እሰማታለሁ። «ዛሬስ?» ትለኛለች። ስንት ጊዜ እንደዘለለ እነግራታለሁ። አንዳንድ ቀን «ዛሬ ደህና አድርጎ ወጣ፤ ዳገቱን ጨርሷል» እላታለሁ፤ ትስቃለች። አባቴ ከተገኘ ኮቱን አንሥቶ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር።

ዝናቡ ገብቶ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን አንድ ቀን ስመለስ ግቢያችን ሰው ሞልቶ አገኘሁት። ካቻቢቴው ትራሷ ሥር ነበር።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ዴሬ ከሐርጌሳ መጽሔቱን ሙሉውን ይዞ መጣ። መኪናዋ ጨርቋን አውልቃ ቀይ ሆናለች። ኮፈኗ ተከፍቷል። ማዓሊም አነበቡ፦ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ቱርቦ።

«ስድስት?» አለ ጎማ ጠጋኙ።

«የእኔ ጭነት መኪና ስድስት አለው!» አለ ዴሬ። «እኔን ለምን አልሸፈኑኝም?»

ሁሉም ተሸንፈው ስለነበር ሻዩን ማን ይጋብዝ በሚለው ተጨቃጨቁ። አዴር ዩሱፍ ፎቶውን ወስደው ተመለከቱት፤ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፤ መለሱለት። «አይሰማም» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ።

ወደ በሩ ቀና ብዬ አየሁ። የሁሉም ግምት እንደነበረ አለ። ከላይ ጫፉ ላይ የጻፍኩት ብቻ ጠፍቷል፤ ቦታው በእጅ የተጠረገ ነጭ ሆኗል። ያለ በርሜል እዚያ የሚደርስ ሰው ዴሬ ብቻ ነበር። እሱ ሻይ እያማሰለ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ይህን የምጽፈው በቀን ግማሽ ገጽ እየሆነ ነው። አንድ ነገር ስለማይተወኝ ነው የምጽፈው። በዘጠኝ ዓመቴ የእናቴን ልብ ሰምቼ አንዱ እንደሚዘል አውቄያለሁ። የመስፍን ደረት ላይ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ጆሮዬን ጥዬ ስተኛ ምንም አልሰማሁም። በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ቺንጋው ላልቷል፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ሐኪሙ «በጆሮ የሚሰማ አልነበረም» ብሎኛል። አምኜው እንደሆነ አላውቅም። አዴር ዩሱፍ ቢኖሩ ኖሮ ሊያጽናኑኝ ብለው እንኳ ያልሰሙትን አይናገሩም ነበር። ምናልባት ቁጢጥ ብለው አንድ ደረቅ ቡሎን ይወለውሉ ነበር።

ካቻቢቴው እጀታው ተሰንጥቆ መሳቢያ ውስጥ አለ። የመስፍንን ያልታረሙ ፈተናዎች ከትምህርት ቤቱ መጥተው ወስደዋል።

አሁን ከካራማራ መኪና ሲወርድ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ «ስምንት ሲሊንደር» እላለሁ። ከዚያ የራሴን እናገራለሁ።